እህሉ ደሴን አልፎ ሲሄድ

አጎቴ ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ያዥ ነበር። ነጋዴው ሲገዛ ይመዝናል፣ ሲሸጥ ይመዝናል፣ የመዘነውን በደብተር ያሰፍራል። ፊደል የቆጠረው ከቄስ ዘንድ ስለነበረ ቁጥሮቹን ሁሉ በግዕዝ ነበር የሚጽፈው። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ መጋዘን እየሄድሁ ጆንያ ላይ እቀመጥና ኩሊዎቹ ኩንታል ተሸክመው በተጋደመች ሳንቃ ላይ ወደ መኪናው ሲወጡ አያለሁ። ሳንቃዋ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድም ጊዜ ስትሰበር ግን አላየሁም።

የ1965 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ክረምት ከመጋዘኑ ወደ ዋናው አስፋልት ሲወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከየት እንደመጡ ያን ጊዜ አላውቅም። አብዛኞቹ አይለምኑም፤ እጃቸውን የሚዘረጉትም ድምፅ የላቸውም። በመካከላቸው ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ሸራ ለብሰው ያልፋሉ። ሸራው ስር ያለው ምን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር፤ ሲመዘን አይቼዋለሁና።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ለማንም አላነሣሁም። አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ አንድ የእረፍት ሰሞን ደሴ ስሄድ አጎቴን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በዚያ በክፉው ዘመን እህል ትጭኑ የነበረው ወዴት ነው?»

«ወደ አዲስ አበባም፣ ወደ አሥመራም።»

«ለምን እዚያው ለሕዝቡ አልተሸጠም?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ በፊቱ ላይ አየሁ። «ለማን? ገዢ አልነበረማ! የተራበ ሰው ዋጋ አይጠይቅም ልጄ። ቆሞ ያያል እንጂ።»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያቺ መልስ ናት። አጎቴ ኢኮኖሚክስ የሚባል ነገር ከስሙ በቀር አያውቅም። ነገር ግን ከሚዛኑ አጠገብ ሆኖ ያየውን ምሁራን በሠንጠረዥ አረጋግጠው እስኪጽፉት ድረስ ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቷል። (እግረ መንገዴን ላሳስብ፤ «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር የምጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የኛው ነው።)

የወሎ ረሃብ ታሪክ ባብዛኛው የሚነገረው እንዲህ ተብሎ ነው። የ1964 ክረምት ዝናብ ቀረ። የ1965 በልግም ደገመው። መሬቱ ደረቀ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ፣ መንግሥት ደበቀ። መደበቁ እውነት ነው። በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎችን ፖሊስ መንገድ እየዘጋ መልሷል። በ1965 አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ባያሳዩ ኖሮ የመዲናይቱ ሰው ወሬውን እንኳ በቅጡ አይሰማም ነበር። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አቀረበው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

በዚያች ሌሊት ቴሌቪዥን ያየ ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ሁለት ምስል ነው፤ በአንድ በኩል አጥንቱ የቀረ ሕፃን፣ በሌላ በኩል የተቆረሰ ኬክ። ፊልሙ ረሃቡንና ድግሱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በሁለቱ መካከል የነበረውን ነገር፣ ማለትም ገበያውን፣ መጋዘኑን፣ ሸራ የለበሰውን ኤንትሬ ግን አላሳየም። እኔ ፊልሙን ውሸት አልልም። ጎደሎ ነው ግን እላለሁ።

ጎደሎውን የሞላው አማርትያ ሴን የተባለ የሕንድ ተወላጅ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ነው። ሴን በዘጠኝ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በቤንጋል የደረሰውን ታላቅ ረሃብ በዓይኑ አይቷል። በዚያ ረሃብ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በኋላ ሲያጠናው ያገኘው ነገር፣ በዚያ ዓመት በቤንጋል የነበረው ምግብ ሰው ባልተራበባቸው አንዳንድ ዓመታት ከነበረው ያነሰ አለመሆኑን ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ካልካታ ውስጥ ሥራና ገንዘብ በዛ፣ የሩዝ ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። የከተማው ሠራተኛ በርካሽ ሩዝ እንዲያገኝ መንግሥት ደጎመው። የገጠሩን ማንም አልደጎመውም። የከተማው ሰው ዋጋውን አንሥቶ ሩዙን ከገጠሬው አፍ ገዛበት ማለት ይቻላል።

ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ለኛው ለወሎ ሰጥቶታል። እንደ አንድ የወሎ ልጅ ያን ምዕራፍ ሳነብ ላብ ላብ ነበር ያለኝ። በረሃቡ ዓመት የመላ ኢትዮጵያ የእህል ምርት ከተለመደው የቀነሰው ሰባት በመቶ ያህል ብቻ ነው። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም አልራቀም። ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። ይህን ስደርስበት መጽሐፉን አጠፍሁትና አጎቴን አሰብሁ።

ዋጋው አለመናሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዋጋ ካልናረ እህል አልጠፋም፣ እህል ካልጠፋ ረሃብ የለም ብሎ ያሰበ ሹም ያን ጊዜም አልታጣም ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዋጋ የሚንረው ገንዘብ የያዙ ብዙ ሰዎች ለአንድ ኩንታል ሲሻሙ ነው። በወሎ የሚሻማ አልነበረም። ሕዝቡ የሚገዛበት ስለሌለው በገበያው ዘንድ እንደሌለ ተቆጠረ። ዝም ያለ ገበያ ማለት የጠገበ አገር ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ «ገቢ» የምትለዋን ቃል ቆም ብሎ ማየት ያሻል። እኛ ከተሜዎች ገቢ ስንል ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ ይታየናል። የገበሬው ገቢ ማሳው ላይ የቆመው እህል ነው። ምግቡም እሱ ነው፣ ልብሱም እሱ ነው፣ ግብሩም እሱ ነው። መሬቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ከዚያችው ላይ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። ስለዚህ ዝናብ ሲቀር የሚጠፋበት ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ምግብ ሊገዛበት ይችል የነበረውም አብሮ ይጠፋል። የጎጃም ጎተራ ሞልቶ ቢፈስ ለእሱ ምኑ ነው?

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ይጀምራል። ገበሬው ጋቢውን ዘንድሮ አይቀይርም፤ ሸማኔው ሥራ ፈታ። አራሚና አጫጅ አይቀጥርም፤ የቀን ሠራተኛው ሥራ ፈታ። የገጠር ባለጸጋ በቤቱ የነበሩትን ሎሌና ገረድ «ሂዱ፣ ራሳችሁን አድኑ» ብሎ ያሰናብታል። የእነዚህ ሰዎች ማሳ አልደረቀም፤ ማሳ አልነበራቸውማ! የደረቀባቸው የሰው ኪስ ነው። በመጠለያ የተገኙት ረሃብተኞች እነማን እንደነበሩ ሲጠና ከገበሬው ጋር ሸማኔው፣ ሎሌው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ለማኙ በብዛት የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ለማኝ እንኳ ገቢ አለው፤ ገቢው የሌላው ትርፍ ናት።

በሬውን ልሽጥ ያለ ገበሬ ደግሞ ገበያ ሲወጣ መንደሩን በሙሉ በሬ እየጎተተ ያገኘዋል። ሁሉም ሻጭ፣ ሁሉም ከሲታ በሬ። እህል ያለው ነጋዴ ከዳር ቆሞ ይመርጣል።

የአፋሩ ከዚህም የከፋ ነበር። አርብቶ አደር ሥጋና ወተት ብቻ እየበላ የሚኖር ይመስለናል። እሱ ግን ፍየሉን ለደገኛው ሸጦ እህል ገዝቶ ነው ዓመቱን የሚዘልቀው። ምክንያቱም በደኅናው ዘመን የአንዲት ፍየል ዋጋ የሚገዛው እህል ፍየሏን አርዶ ከመብላት ይልቅ ለብዙ ቀን ቤተሰብ ያበላል። ድርቁ መንጋውን ፈጀ። የቀረችው ፍየልም ገበያ ስትወጣ የምታመጣው እህል ካለፈው ዓመት እጅግ ያነሰ ሆነ። እንግዲህ አፋሩ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ፍየሉ ሞተች፣ የተረፈችውም ረከሰች። ድርቁ ደግሞ ብቻውን አልመጣበትም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ሸለቆ፣ በበጋ ሣር የሚገኝበት የወንዙ ዳር መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶ ነበር። የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር የተካፈለው የተንዳሆ ጥጥ እርሻ አንዱ ነው። ጥጡ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ግጦሹ ምን ያመጣ እንደነበረ በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ አልተጻፈም ነበርና ሲጠፋም አልተጻፈም።

ሴንን የሚቃወሙ ሊቃውንት አሉ፤ ቃላቸው ሊሰማ ይገባል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ነው ይላሉ። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት እህል ቢገኝ እንኳ በዚያ ተራራ ማን ያደርሰዋል? ለላስታና ለዋግ እውነት አላቸው። ከዚያ እስከ መኪና መንገድ ድረስ በእግር የሚወስደውን ቀን የሄደበት ያውቀዋል። ነገር ግን ወገኖቼ ከዚያ ተራራ ወርደው አስፋልቱ ዳር መጥተው ነበር። የእርዳታ መጠለያዎቹም የቆሙት በዚያው ከአዲስ አበባ አሥመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጣሊያን የሠራው ያ መንገድ በደሴ መሐል ያልፋል። መንገድ ደግሞ በራሱ አቅጣጫ የለውም። የደሴ ሰው ገንዘብ ቢኖረው ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው ሸራ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እህል ባመጣ ነበር።

ነጋዴውን ልኮንነው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። የአጎቴ አሠሪ በዓመት በዓል ለኩሊዎቹ በግ የሚያርድ፣ ደጁ ለመጣ ቁራሽ የማይነፍግ ሰው ነበር። በዚያ ክረምትም በየማለዳው ንፍሮ እያስቀቀለ ያድል እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ መጋዘኑ ይገባና መኪና ያስጭናል። ሁለቱንም የሚያደርገው ያው ሰው ነው፤ ንፍሮው በጽድቁ፣ መኪናው በሒሳቡ። የወሎ ሟች ቁጥር ከ50,000 እስከ 200,000 ይገመታል። ንፍሮው ያዳነውን ማንም አልቆጠረም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። የገበያው ጉዳይ በዚያ ወደ ደመወዝና ወደ ፖሊሲ ይዞረናልና።

በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በምግባቸው መበላሸትና በውሃ እጦት አመፁ። ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጡት። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም የደመወዛቸውንና የትምህርት ፖሊሲውን ነገር አንሥተው በዚያው ቀን አደሙ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? የቤንዚኑ ዋጋ ቀነሰ። የወታደሩ ደመወዝ ተጨመረ። ካቢኔው ወረደ። ሌላ ካቢኔ መጣና ከሠራተኛው ጋር ተፈራረመ። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። የወሎ ገበሬ ከአንድ ዓመት በላይ ሲሞት አንድም ሚኒስትር ከወንበሩ አልተነሣም ነበር።

ንጉሡን የጣለው የወሎ ረሃብ ነው የሚለውን አባባል ስሰማ የማቅማማው ለዚህ ነው። የጣላቸው ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ደመወዝተኛ ደመወዙ ሲያንስበት ሥራ ያቆማል፤ ሥራው ሲቆም ከተማ ይቆማል። ሸማኔው ሥራ ሲያቆም የሚቆም ነገር የለም። የወሎ ሙታን በመጨረሻዋ ሌሊት በቴሌቪዥን ለምስክርነት ተጠሩ እንጂ ከሳሽ ሆነው አልቆሙም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ያን ቀን አዲስ አበባ የሆነውን ያየ ሰው እስኪሞት አይረሳውም። ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲደርሰው፣ ጭሰኝነት እንዲቀር ታወጀ። ስለ አዋጁ ፖለቲካ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ የተከተለው የገበያ ነገር ነው።

ሲሶና እኩል ይሰፍር የነበረው ገበሬ አሁን እህሉ የራሱ ሆነ። መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? በላ። ልጆቹን አበላ። ቀድሞ ባለመሬቱ የሚረከበውና ወደ ከተማ ጭኖ የሚሸጠው እህል አሁን እዚያው ገጠር ምጣድ ላይ ዋለ። አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚገባው ጭነት ቀነሰ፣ ዋጋው ወጣ። የከተማው ሰው «ገበሬው ጠገበ፣ ጤፍ አስወደደብን» ማለት ጀመረ። በገቢ ክፍፍል ላይ የደረሰ ለውጥ ገበያን እንዴት እንደሚገለብጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ በኛ አገር አላውቅም። ምርት አልጠፋም፤ አፍ ተለወጠ እንጂ።

አብዮታዊው መንግሥት ይህን አልወደደውም። ደርግ ገበሬን እወዳለሁ ቢልም የሚፈራው ከተሜውንና ወታደሩን ነበር። አመጣጡን አይረሳውማ! ኤ.ኤም.ሲ. እየተባለ የሚታወቀው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በ1968 ዓ.ም. ግድም ተቋቋመ፤ ቀስ በቀስም በየገበሬ ማኅበሩ ላይ ኮታ ተጣለ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ቁርጥ ዋጋ ነው። የተሰበሰበው እህል የሚሄደው ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ድርጅቶችና በቀበሌ ሱቅ በኩል ለከተማ ነዋሪ ነው። በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ነጋዴ ጭራሹን ታገደ፤ በሌላው ቦታ ከሚገዛው ብዙውን እጅ ለኮርፖሬሽኑ በቁርጥ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ኮታውን የሚሞላበት ምርት ያጣ ገበሬ በሬ ሸጦ ከገበያ በውድ ዋጋ እህል ገዝቶ በርካሽ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። ይህን ስጽፍ የማጋነን ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ዘመን በገጠር የነበረ ሰው ግን የሚያውቀው የዘወትር ነገር ነው።

አስተውሉ፤ ጭሰኛው ለባለመሬቱ ይሰፍር የነበረው ሲሶ በሌላ ስም ተመለሰ። ልዩነቱ አሁን የሚሰፍረው ለከተማው ሁሉ መሆኑ ነው። እኔም በቀበሌ ካርድ ያደግሁ ስለሆንሁ ከበላተኞቹ አንዱ ነበርሁ። እናቴ ካርዷን ይዛ ከንጋት ጀምሮ ትሰለፍ ነበር፤ የምታመጣው ጤፍ ርካሽ በመሆኑ መንግሥትን ታመሰግናለች። ከማን ጎተራ እንደመጣ አንድም ቀን በቤታችን አልተነሣም።

በ1977 ወሎና ትግራይ ሌላ ረሃብ ወደቀባቸው። ያን ጊዜ ጦርነቱም፣ ኬላውም፣ ኮታውም ነበሩ፤ የሞተውም ከ1965ቱ እጅግ የበዛ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ ላይ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዚያው ክፉ ዓመት ነው። ረሃብ ገበሬውን አቅመ ቢስ አድርጎ ያስቀመጠ ሥርዓት ውጤት እንጂ የሰማይ ቁጣ አይደለም የሚለው ክርክራቸው ከሴን በሌላ መንገድ መጥቶ እዚያው ይደርሳል። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀና ኮታውም ኬላውም ተነሣ። አጎቴ «ሚዛኔን ዘይት ቀባሁት» ብሎ የጻፈልኝን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። የእህል ነጋዴው ተመልሶ መምጣቱ ነበር።

ተመልሶ መጣ። ግን ያቺ የ1965ቷ ጥያቄ አብራው መጣች። በ1993ና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ አለቅጥ ሰጠ። ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ በምዕራቡ አገር አንዳንድ ገበሬ የማጓጓዣውን እንኳ አይመልስም ብሎ ማሳው ላይ ተወው። ለማዳበሪያ የተበደረውን መክፈል አቅቶት በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ አልገዛም፤ ዝናቡም አነሰ። በ1995 እርዳታ የሚያሻው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በቆሎው ማሳ ላይ ሲበሰብስ በምሥራቅ የሚበላ ያጣ ሰው እንደነበረ የታወቀ ነው። ያ ሰው በቆሎውን ቢፈልገውም የሚገዛበት አልነበረውም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያለውን የገበያ ብልሽት ይጠግናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት በእህል ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የቡና ገበያ ሆነ። አላማሁትም። ዋጋን በሰሌዳ ማብራት ደግ ነገር ነው፤ ቡና ገዢ ባለበት ይሸጣል።

በመካከሉ ደኅና የምለው አንድ ነገር ተሠርቷል። በ1997 የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር አምስት ሚሊዮን ለሚጠጋ ድሃ የገጠር ሰው፣ ረሃብ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት የእርከንና የመንገድ ሥራ እየተሰጠው እንዲከፈለው ተወሰነ። ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው ተብሎ ነው። ለተራበ ሰው እህል ማደል ብቻ ሳይሆን ገቢ መስጠት፣ ነጋዴውም ወደ እሱ ዞሮ እንዲያይ ማድረግ መሆኑ ነው። አጎቴ ቢሰማ ኖሮ «ዋጋ ጠያቂ አደረጓቸው» ይል ነበር።

ከዚያ የ2000 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት መጣ። የከተማው ሰው ጮኸ። መንግሥት ከ1999 ጀምሮ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከገበያ በረከሰ ዋጋ በቀበሌ ስንዴ ያከፋፍል ነበር፤ አሁን ከውጭ እየገዛ አበዛው። የሴፍቲኔቱ የቀን ክፍያም ከ6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ለአጎቴ ተዝካር ደሴ ሄጄ ነበር። ከገጠር የመጣች አንዲት የሥጋ ዘመዳችን፣ እርከን ስትሠራ ከርማ የተከፈላትን ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። አብሬያት ሰኞ ገበያ ወረድሁ። ማሽላ ጠየቀች፣ ዋጋውን ነገሯት፣ ሌላ ዘንድ ሄደች፣ ያው ነው። የአንድ ቀን ሥራዋ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላላትም። ቋጠሮዋን ሳትፈታ ቆማ ታይ ጀመር። ከአስፋልቱ ወዲያ ማዶ ኢሱዙዎች ሸራቸውን ለብሰው ተደርድረዋል፤ አንዱን ሾፌር ወዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«አዲስ አበባ» አለኝ።